የሴት ባልደረቦች ምሽት ከመመለሻው ይታሰብ

ለተከበረው ጋዜጣ ዝግጅት ክፍል፤

የካቲት 29፣ የሴቶች ቀን፣ በደረሰ ቁጥር በጎንደር ከተማችን ያሉ መሥሪያ ቤቶች ሴት ሠራተኞቻቸውን "ዛሬ አብረን እናምሽ" ብለው ሆቴል ይይዛሉ። ሐሳቡ የሚመሰገን ነው። ቀኑ ግን በአብዛኞቹ ዓመታት ዐቢይ ጾም ውስጥ ይወድቃል፤ ከጾሙ የሚያመልጠው ፋሲካ ወደ ሚያዝያ መጨረሻ በምትዘገይበት ዓመት ብቻ ነው። ጥብሱ ታዟል፣ ኬኩ ቅቤና እንቁላል ይዞ ቀርቧል፤ ከተጋበዙት እኩሌታው ሻይ ጨብጠው ይቀመጣሉ። አዝማሪው ማሲንቆውን ሰቅሏል። ሁለት ሰዓት ተኩል ሳይሞላ "ባጃጅ ሳይጠፋ" እየተባባሉ ይበተናሉ፤ በማግሥቱ ደግሞ "ሴቶቻችን ማምሸት አይወዱም" ይባላል። እንዴት አይወዱም! ዝግጅቱ ነው ያላማረው።

ጎንደር ውስጥ ለሴት ባልደረቦች ጥሩ ምሽት ማሰናዳት ብዙ ገንዘብ አይጠይቅም፤ ቦታም አልጠፋም። አብዛኛው አዘጋጅ "የት እንብላ?" ብሎ ይጀምርና መመለሻውን ሒሳብ ተከፍሎ፣ በር ላይ ተቁሞ ያስበዋል። እኔ የምለው ተገልብጦ ይጀመር ነው። መጀመሪያ እያንዳንዷ በስንት ሰዓትና በምን ቤቷ እንደምትገባ ይታወቅ፤ ምግቡም ጨዋታውም በዚያ ልክ ይደልደል። ይህን ደብዳቤ የምጽፈው በየቢሮው ተራ ደርሷቸው ለሚያዘጋጁ እኅቶች፣ ለኃላፊዎቻቸውና ለሆቴልና ለአዝማሪ ቤት ባለቤቶች ነው።

ቢሮ መሀል ቆሞ "ማን ይመጣል?" ብሎ እጅ ማስወጣት ጥሩ አይደለም። ትንሽ ልጅ ያላት፣ ባሏ ተረኛ የሆነባት፣ አማት ቤት የተቀመጠች ሴት በይሉኝታ "እመጣለሁ" ትላለች፤ በቀኑ ትቀራለች። አንድ በአንድ፣ ለብቻ ጠይቁ። ሦስት ጥያቄ ይበቃል፦ በስንት ሰዓት ቤትሽ መግባት አለብሽ? ሰፈርሽ የት ነው? የማትበዪው፣ የማትጠጪው ምንድን ነው? በዕድሜ ለሚበልጡት "እትዬ፣ በስንት ሰዓት ቢገቡ ይመችዎታል?" ይባላል። የጽዳትና የሻይ ክፍል ሠራተኞችም ይጠየቁ። እነሱን ትቶ "የሴቶች ምሽት" ማለት አያምርም።

መልሶቹ ሲሰበሰቡ ብዙውን ጊዜ ለሁለት ይከፈላሉ። ገሚሶቹ ከምሽቱ ሁለት ሰዓት ተኩል ማለፍ አይችሉም፤ ገሚሶቹ እስከ አራት ሰዓት ይቆያሉ። ስለዚህ መመለሻውም ሁለት ይሁን። ይህን አስቀድሞ መወሰን ምሽቱን ከመፍረስ ያድነዋል። ሁለት መመለሻ ከሌለ፣ አንዷ "ልጄ ያለቅሳል" ብላ ስትነሣ አጠገቧ ያለችው "ሸኚኝ" ትባላለች፣ ሦስተኛዋ "እኔም ልሂድ" ትላለች፣ ገበታው በአሥር ደቂቃ ውስጥ ባዶ ይሆናል። መውጫው ከታወቀ ግን ቀድማ የምትሄደው አትለምንም፣ የምትቀረውም አትሳቀቅም።

ትራንስፖርቱን በዝርዝር ላስቀምጠው፤ ነገር የሚበላሸው እዚህ ላይ ነውና። ባጃጅ ከኋላ የሚይዘው ሦስት ሰው ነው። ለምሳሌ ዘጠኝ ሴቶች ብትሆኑ ሦስት ባጃጅ ያስፈልጋል፤ በምሽት ደግሞ ሦስት ባጃጅ በአንድ ጊዜ ማግኘት ቀላል አይደለም። የባጃጅ የሰዓት ገደብ በወጣበት ሳምንት ጨርሶ አይታሰብም፤ ስለዚህ ቀኑን ከመቁረጣችሁ በፊት ይህን አጣሩ። ለዘጠኝ ሰው የሚሻለው አንድ ሚኒባስ ኮንትራት መያዝ ነው። ከሾፌሩ ጋር ስትስማሙ በደፈናው "ማታ ታደርሰናለህ" አትበሉ። የሚነሣበትን ቦታ፣ ሁለቱን የመመለሻ ሰዓቶች፣ ስንት ቦታ እንደሚያቆም፣ ቢጠብቅ በሰዓት ስንት እንደሚጨመርለት አንድ በአንድ ነግራችሁ ዋጋውን ቁረጡ። ግማሹን ቀብድ ስጡ፤ ቀሪውን የመጨረሻዋ ሴት ስትወርድ ክፈሉ። ታርጋውንና ስልኩን ከቡድኑ ሁለት ሰዎች ይያዙት፤ የአንዷ ባትሪ ቢያልቅ ሌላዋ አለች።

የአወራረዱ ተራም የራሱ ጥበብ አለው። ማራኪና አዘዞ ከፒያሳ ወደ አንድ አቅጣጫ ናቸው፤ አዘዞ 12 ኪሎ ሜትር ያህል ይርቃል። በመንገዱ ተራ ከተሄደ የአዘዞዋ ልጅ መጨረሻ ላይ ከሾፌሩ ጋር ብቻዋን ትቀራለች። ይህ መሆን የለበትም። ወይ ሁለት የአዘዞ ሰዎች አንድ ላይ ይመለሱ፣ ወይ ሁለት የከተማ ልጆች አብረዋት ሸኝተዋት በዚያው መኪና ይመለሱ፣ ወይም ያን ሌሊት ጓደኛዋ ቤት ትደር። ጓደኛ ቤት ማደር ከታሰበ ለቤተሰቧ ቀን ላይ ይነገር። በአራት ሰዓት የሚደወል ስልክ ያስደነግጣል።

ቀን መምረጥ ላይ የጾም ካላንደር ከሁሉ ይቀድማል። ዓርብ ማታ ለቢሮ ሰው ይመቻል፤ ግን ጾም ነው። ቅዳሜ ይሻላል። ለእሑድ ቅዳሴ የሚነሡ ስላሉ ግን ከአራት ሰዓት አይለፍ። ከዓመቱ ውስጥ ሦስት ወቅት ይመቻል። የመጀመሪያው ክረምቱ ካበቃ ከመስከረም አጋማሽ እስከ ኅዳር 14 ነው፤ ኅዳር 15 ጾመ ነቢያት ይገባል፤ ሁሉም ባይጾመውም የሚጾመው ብዙ ነው። ሁለተኛው ከገና እስከ ዐቢይ ጾም መያዣ ነው። በዚህ ወቅት ግን ሁለት ነገር ተጠንቀቁ። በጥምቀት ሰሞን፣ ከጥር 9 እስከ 12፣ ከተማው በእንግዳ ይሞላል፤ ገበታም መኪናም አይገኝም። ከጥምቀት በኋላ ደግሞ የሠርግ ወቅት ነው፤ የሆቴሎቹ አዳራሽ በሠርግና በመልስ ስለሚያዝ ቦታ ከሁለት ሳምንት በፊት አስይዙ። ሦስተኛው፣ ለእኔ ከሁሉ የሚበልጠው፣ ከፋሲካ እስከ ጰራቅሊጦስ ያለው በዓለ ሃምሳ ነው። በእነዚያ 50 ቀናት ረቡዕና ዓርብም አይጾምም፤ ስለዚህ ዓርብ ማታ ከቢሮ ቀጥታ መውጣት ይቻላል። የካቲት 29 መከበሩ ይከበር፤ ስብሰባውና ንግግሩ በቀኑ ይሁን። የእራቱና የጨዋታው ምሽት ግን ለበዓለ ሃምሳ ይቆይ። ኃላፊዎች ይህን አንድ ነገር ቢቀበሉ ግማሹ ችግር በራሱ ይወገዳል።

ሙስሊም ባልደረቦች ባሉበት ቢሮ፣ ረመዳን ከሆነ ምሽቱ ከኢፍጣር ይጀምር፤ ተምር፣ ውሃ፣ ሾርባና ሳምቡሳ ቀድሞ ተሰናድቶ ይጠብቅ። ከረመዳን ውጭም ቢሆን የመግሪብ ሶላት ሰዓት በፕሮግራሙ ላይ ይታሰብ፤ ለሩብ ሰዓት የሚሆን ጸጥ ያለ ንጹሕ ክፍል ከሆቴሉ አስቀድሞ መጠየቅ አያስቸግርም።

ገንዘቡን አስቀድማችሁ ሰብስቡ፤ ደመወዝ በወጣ ማግሥት ቢሆን ይመረጣል። ገበታ ላይ መዋጮ መቁጠር ደስታን ያጠፋል፤ የጎደለባትም ታፍራለች። ሁሉም እኩል ይክፈል ማለት ፍትሐዊ የሚመስል ግን የማይሆን ነገር ነው፤ የክፍል ኃላፊዋና የጽዳት ሠራተኛዋ ደመወዛቸው አንድ አይደለም። ሁለት ወይም ሦስት ደረጃ አውጡና ማን ስንት እንደከፈለ ከገንዘብ ያዧ ሌላ ማንም አይወቅ። ዕቁብ የለመደ ቢሮ በየወሩ ትንሽ ትንሽ እየቆጠበ በአራት ወር አንድ ምሽት ማውጣት ይችላል፤ ይህ ለብዙዎች ይቀላል።

አሁን አንድ ስሌት ላሳይ፤ ብዙ አዘጋጅ የሚያፍረው እዚህ ላይ ነው። ዘጠኝ ሴቶች ሜኑ አይተው በነፍስ ወከፍ 1,000 ብር ይበቃል ብለው 9,000 ብር ሰበሰቡ እንበል። የታዘዘውም በሜኑው ዋጋ ልክ 9,000 ሆነ። የአገልግሎት 10 በመቶ የሚያስከፍል ሆቴል ከሆነ 900 ይጨምርና 9,900 ይሆናል። በዚያ ላይ 15 በመቶ ቫት 1,485 ብር ነው። የሚመጣው ሒሳብ 11,385 ብር፣ ለአንዷ 1,265 ማለት ነው። 2,385 ብር ጎደለ። ስለዚህ ቦታ ስታስይዙ የመጀመሪያ ጥያቄያችሁ "ይህ ዋጋ ቫትና ሰርቪስ ጨምሮ ነው?" ይሁን። ካልጨመረ የሜኑውን ድምር በ1.265 አባዙና ከዚያ ተነሥታችሁ ሰብስቡ። ለአስተናጋጇ ጉርሻና ለመኪናው ለብቻ ያዙ። ሒሳቡ ሲመጣ ደረሰኙን ገንዘብ ያዧና ሌላ አንድ ሰው መስመር በመስመር ይዩት፤ ያልታዘዘ ውሃና ለስላሳ ሳይታወቅ የሚገባው በዚያ ጥድፊያ መሀል ነው። ቴሌብር አለን ብላችሁ ባዶ እጃችሁን አትውጡ። ኔትወርክ ሲጠፋ ዘጠኙም ሴቶች ገንዘብ እያላቸው መክፈል አይችሉም፤ ቢያንስ የመኪናውና የሽልማቱ በጥሬ ብር ይሁን።

ምሽቱ የት ይጀምር ለሚለው ጎሐን የሚያህል የለም። ከከተማው በስተሰሜን ካለው ኮረብታ ላይ፣ ከጎሐ ሆቴል በረንዳ፣ የፋሲል ግቢ ግንቦችና ከተማው በሙሉ ከእግር በታች ይታያሉ። ሰዓቱን ግን እወቁ። በኅዳርና በታኅሣሥ ፀሐይ የምትጠልቀው ከ12 ሰዓት ጥቂት ደቂቃ አልፎ ነው፤ በሰኔና በሐምሌ ወደ አንድ ሰዓት ትጠጋለች። ምሽቱ በሥራ ቀን ከተያዘ፣ ቢሮ የሚወጣው 11፡30 ስለሆነ በኅዳር ያለችው ግማሽ ሰዓት ብቻ ናት። ከፒያሳ ሽቅብ ለመውጣት 10 ወይም 15 ደቂቃ ይበቃል፤ መኪናው ግን 11፡25 በር ላይ መቆም አለበት። "ቤት ደርሼ ልብስ ለውጬ ልምጣ" የምትል ካለች ጀንበሯ ታመልጣታለች። ልብሷን ጠዋት ይዛ ትምጣ። ኃላፊው ለዚያች ቀን ግማሽ ሰዓት ቀድሞ ቢፈቅድ ከማንኛውም ንግግር የበለጠ ስጦታ ነው።

ቡናውም እዚያ ይጠጣ፤ ከእራት በኋላ አይሁን። ምክንያቱ ሁለት ነው። አቦል፣ ቶና፣ በረካ እስኪዳረስ ከአንድ ሰዓት ያላነሰ ይወስዳል፤ ይህ ከእራት በኋላ ከሆነ ቀድመው የሚሄዱት ከበረካው ይቀራሉ። ሌላው፣ በአራት ሰዓት የተጠጣ ቡና ለእሑድ ቅዳሴ የምትነሣዋን እንቅልፍ ይነሣታል። ለአሥር ሰው ሩብ ኪሎ ጥሬ ቡና ከበቂ በላይ ነው። የምታጠባ እናት ካለች ልጇን ይዛ እስከ ቡናው ድረስ ብትቆይ፣ ከዚያ በመጀመሪያው መኪና ብትመለስ፣ ምሽቱ አላመለጣትም። ሌላው ደግሞ ብርዱ ነው። ጎንደር ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,000 ሜትር በላይ ናት፤ ጀንበር እንደጠለቀች በረንዳው ላይ ነፋሱ ይገባል። ስስ ቀሚስ ያደረገች ሁሉ ኩታ ወይም ሹራብ ትያዝ። ተረከዙ ረጅም ጫማ ኮብልስቶን ላይ ይሰነቀራል፤ ዳገትና ቁልቁለት ባለበት ከተማ ቁርጭምጭሚት የሚታጠፈው በዚያ ነው። ዝርግ ጫማ በቦርሳ ይያዝ። በክረምት ደግሞ በረንዳውን ተዉትና ውስጥ ቦታ አስይዙ።

እራቱን በተመለከተ የምመክረው አንድ አቀራረብ አለ። መሀል ላይ ትልቅ ገበታ በያይነቱ ይቅረብ፤ ሽሮው፣ ምስሩ፣ ጎመኑ፣ ሁሉም በዘይት። ከዚህ ጾመኛዋም፣ ሙስሊሟም፣ ክርስቲያኗም አብረው ይቆርሳሉ። ሥጋው በየሳህኑ ለየብቻ ይምጣ። በአንድ ገበታ ላይ ሥጋ ፈሶበት ከመጣ ገሚሱ ሰው እጁን ይሰበስባል፤ አብሮ መብላት የሚባለውም እዚያው ይቀራል። ሙስሊም ባልደረቦች ሥጋ እንዲበሉ ከተፈለገ ከሙስሊም ምግብ ቤት አስመጥቶ በሌላ ሳህን ማቅረብ ነው፤ ሆቴሉ መፍቀዱን ቀድማችሁ ጠይቁ። ለወጥ ቤቷ ደግሞ "ጾም" ማለት ብቻ አይበቃም፤ ቅቤ የነካው ድስትና ማማሰያ እንዳይገባበት በግልጽ ይነገራት። ዓሣ ከጣና ስለሚመጣ ይገኛል፤ ነገር ግን በጾም ዓሣ የማትበላ አለች፣ ቅርፊት የለውም ብላ አምባዛ የማትነካም አለች። ቆሮሶ ብታዙ ይሻላል፤ ያውም ከአንድ ቀን በፊት።

ዶሮ ወጥ ከታሰበ በዕለቱ አይታዘዝም። ሽንኩርቱ ብቻ እስኪበስል ሁለት ሰዓትና ከዚያ በላይ ይፈልጋል፤ ያልበሰለ ሽንኩርት ያለበት ዶሮ ወጥ ውሃው ለብቻ ይቆማል፣ ሆድም ይነፋል። አንድ ዶሮ 12 ብልት ይወጣዋል፤ ለዘጠኝ ሴቶች አንድ ዶሮ ከሌላው ጋር ይበቃል። እንቁላሉን ግን በቁጥር ተናገሩ፤ ለእያንዳንዷ አንድ። ሳይነገር አምስት ይመጣና መከፋፈሉ ያሳፍራል። እንጀራ ለሰው አንድ ተኩል አድርጋችሁ አስቡ። ጥብስ ከሆነ ግማሽ ኪሎ ለሁለት ሰው፣ ሌላ ምግብ ካለ ለሦስት ሰው ይበቃል።

ጠጅ ጣፋጭነቱ ጉልበቱን ይደብቃል። እንደ ለስላሳ ይጠጣና መነሣት ሲፈለግ እግር ይከብዳል። ከምግብ በፊት አይቀዳ፤ ከእያንዳንዱ ብርሌ ጋር ውሃ ይቅረብ። ለማይጠጡት ብርዝ አስቀድማችሁ እዘዙ፤ የዕለቱ መሆኑን አረጋግጡ፣ ካደረ መፍላት ይጀምራልና። ብርዙም በብርሌ ይቅረብላቸው። ያኔ ማን ጠጅ፣ ማን ብርዝ እንደያዘች አይለይም፤ "ምነው አትጠጪም?" የሚል ጥያቄም አይነሣም። ወደ መታጠቢያ ቤት የምትሄድ ብርሌዋን ለጓደኛዋ ትስጥ፤ ብቻውን የቆየ መጠጥ አይጠጣም። ይህን ያለ እፍረት ቀን ላይ ተነጋገሩበት።

ከእራት በኋላ የመጀመሪያው መኪና ይሄዳል፤ የሚቀሩት ወደ አዝማሪ ቤት። አዝማሪ ቤት የሚሞቀው አምሽቶ ነው፤ የሴቶች ቡድን ግን ቀደም ብሎ፣ ሦስት ሰዓት ሳይሞላ ቢገባ ከግድግዳው ጥግ ቦታ ይይዛል። በር አጠገብና ባንኮኒው ሥር አትቀመጡ፤ ሰው ሲወጣና ሲገባ እየተጋፋ ጨዋታው ይበላሻል። ቀን ላይ አንድ ሰው ሄዶ ባለቤቷን "ስድስት ሴቶች ነን፣ ጥግ ያዢልን" ይበላት።

አዝማሪው ከመጀመሩ በፊት ሁለት ነገር በጆሮው ይነገረው። አንደኛ፣ ሽልማቱ በአንድ እጅ ነው። ይህ ካልተባለ በልማዱ እያንዳንዷ ፊት ቆሞ በስሟ ይገጥማል፤ ያልያዘች ትሸማቀቃለች፣ የያዘችም ካሰበችው በላይ ታወጣለች። የሽልማቱን ብር ቀን ላይ በባለ 10 እና በባለ 50 ዘርዝራችሁ ለአንዷ ስጧት፤ እሷ ግጥሙ ልብ ሲነካ ተነሥታ ግንባሩ ላይ ትለጥፍ። መቶ ብር ባንዴ ከመስጠት አሥሩን ብር አሥር ጊዜ መስጠት ጨዋታውን ያደምቀዋል። ሁለተኛ፣ ስለ ማን ምን እንደሚገጠም ነው። የሥራ ነገር፣ የቢሮ ቅጽል ስም፣ እድገት ያገኘችው፣ ጡረታ የምትወጣው ይነገረው። ስለ ባልና ስለ ፍቅር የማይነካቸውም በስም ይነገሩት። ጎንደሬ አዝማሪ አስተዋይ ነው፤ ወሰኑ ከተነገረው በወሰኑ ውስጥ ወርቅ ያወጣል። ግጥሙ ካፈነገጠ መቆጣት አያስፈልግም፤ ብር ይዛችሁ ተነሡና "እስቲ ትዝታን" ወይም "አምባሰልን" በሉት፤ ቅኝቱ ሲለወጥ ነገሩም ይለወጣል።

ከሁሉ የሚጥመው ግን ግጥሙን ራሳችሁ ስትሰጡት ነው። ሁለት ስንኝ ቀድማችሁ አዘጋጁና "ተቀበል!" በሉት፤ ተቀብሎ በማሲንቆ ይመልሰዋል። ስንኙ አጭርና እኩል ይሁን፤ ለመቀበል የሚቀለው እያንዳንዱ መስመር ለሁለት ተከፍሎ በየግማሹ ስድስት ስድስት ቀለም (የቃል ድምፅ ቁራጭ) ሲኖረው ነው። ለሒሳብ ክፍል ልጆች እንዲህ ያለው ይሆናል፦

መዝገቡ ታጠፈ ሒሳቡ ተዘጋ፣
የቢሮው ወሬማ ይቆይ እስኪነጋ።

መብራት ቢጠፋ አትደናገጡ። ማሲንቆ ኤሌክትሪክ አይፈልግም፤ በሻማ ብርሃን የበለጠ ያምራል። የእጅ ባትሪ ግን መታጠቢያ ቤቱ ድረስ ያስፈልጋል።

ፎቶና ቪዲዮን በሚመለከት ቀድሞ መስማማት ያሻል። እስክስታው ሲሞቅ በቀጥታ ቲክቶክ ላይ የሚያወጣ ሰው አይጠፋም፤ በማግሥቱ ያቺ ልጅ ከቤተሰብ ወይም ከአለቃ ጋር ሌላ ጣጣ ውስጥ ትገባለች። ደንቡ ይህ ይሁን፦ ሁሉም የሚነሣው ፎቶ ጎሐ ላይ፣ ቀን በብርሃን፤ የሚለጠፈውም በማግሥቱ፣ በውስጡ ያሉት ሁሉ አይተው እሺ ካሉ በኋላ። አዝማሪ ቤት ስልክ በቦርሳ ይግባ።

ለሆቴልና ለምግብ ቤት ባለቤቶች የምለው አለኝ። የሴቶች ቡድን ሲገባ "ወንድ የለም ወይ?" የሚል አስተያየትና ሒሳቡን ማን ይከፍላል ብሎ ዙሪያውን መቃኘት ይቅር፤ አስያዥዋን ጠይቁ። የመጨረሻውን ዋጋ፣ ቫቱን ጨምራችሁ፣ ስልክ ላይ ተናገሩ። ከሁሉ በላይ ደግሞ መታጠቢያ ቤታችሁን ተመልከቱ። ውሃ በፈረቃ በሚደርስበት ከተማ ሮቶው ከምሽቱ በፊት መሞላት አለበት፤ በሩ ከውስጥ የሚቆለፍ፣ አምፖሉም የሚበራ ይሁን። ሴቶች ሁለተኛ የማይመለሱበት ቤት ብዙውን ጊዜ በምግቡ ምክንያት አይደለም። አዘጋጇም ቀብድ ከመክፈሏ በፊት ገብታ ትየው፤ ቁልፉን ትሞክረው፣ ቧንቧውን ትክፈተው።

ለኃላፊዎችም አንድ ቃል። ሰላምታ ሰጥቶ፣ አብሮ ቡና ጠጥቶ መሄድ ክብር ነው። እስከ መጨረሻው መቀመጥ ግን ጨዋታውን ያስረዋል፤ አለቃ ባለበት ማንም እስክስታ አይወርድም። የዕለቱ ንግግር ከአምስት ደቂቃ አይለፍ።

የመጨረሻው ነገር የሚፈጸመው ከመኪናው ከተወረደ በኋላ ነው። አዘጋጇ የዘጠኙን ስም በወረቀት ትያዝ። እያንዳንዷ በሯን ከዘጋች በኋላ "ገባሁ" ብላ አንዲት ቃል ትላክ፤ ኔትወርክ ከሌለ ሚስኮል ታድርግ። ስሙ ሲሰረዝ ሲሰረዝ፣ በግማሽ ሰዓት ውስጥ ያልተሰረዘ ካለ ለእሷ ይደወል፤ ካላነሳች ለሾፌሩ፣ ከዚያ ለቤተሰቧ። ዘጠኙም ሳይሰረዝ አዘጋጇ አትተኛ።

ከአክብሮት ጋር፣
አንባቢያችሁ፣ ከጎንደር